የአባትህን መርሴዲስ ዘይት ሳትጨምር እንዳታስነሳት

አብዮት፣

የመካነ ብርሃን አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ስለሆነ በአጭሩ ልጻፍልህ።

መርሴዲሷን የሚገዛው ሰውዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። ከዚያ በፊት ዘይት ጨምርባት፤ ጀሪካኑ በሩ ሥር አለ። ባዶዋን ካስነሳሃት ሞተሩ ይቃጠላል!

ዘይቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ትናንት አንተ ሥራ ስትውል ከሥሯ ገብቼ ኮፓውን፣ ያንን የሞተር ዘይት መያዣ፣ ፈታሁት። «ዘይት ታፈሳለች» ልልህ አስቤ ነበር። ጠብታ አታፈስም። ሰውዬው ተፈታታ አግኝቷት እንዲመለስ ፈልጌ ነው።

ሦስት ዓመት እሑድ እሑድ ስጠግናት ኖሬ፣ ልትሸጣት መሆኑን ከጎረቤት ሰማሁ። ስጠይቅህም «አንተ ምን አገባህ?» አልከኝ።

እጄ በዘይት እንደተጨማለቀ እናትህ ደወሉ። ያንተ ስልክ እምቢ ቢላቸው ነው። «ልጄ፣ ማኪናዋን ሸጦ ዓይኔን ሊያሳክመኝ ነው» አሉኝ።

ምነው ይህን ብትነግረኝ?

ስልኩን እንደዘጋሁ አዲስ ጋርኒሲዮን፣ ያንን ዘይት እንዳያፈስ የሚደረገውን ማሸጊያ፣ አድርጌ ኮፓውን መልሼ ገጠምኩት። ቡሎኖቹንም ሁለቴ አጥብቄያለሁ፤ ዘይቱን ያልጨመርኩት ማጣበቂያው እስኪደርቅ ብዬ ነው።

መርሴዲሷ ከግቢ ስትወጣ ማየት ስለማልችል እህቴ ዘንድ እሰነብታለሁ። ለእማማ የትነበርሽ ግን ንገርልኝ፦ ዓይናቸው ሲበራ መጀመሪያ የሚያዩት እኔን ነው። አንተን ለምደውሃል።

ኢዮስያስ