ሰባተኛው ዙር ላይ ያየሁት

ለማትጠገቢው ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሻል? የጭንቅላትሽ ስፌት ደረቀልሽ? የቀኝ እጅሽ ጣቶች መንቀሳቀስ መጀመራቸውን እማማ በስልክ ሲነግሩኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እኔ ከጎድኔና ከህሊናዬ በቀር ደህና ነኝ። ጎድኑ ያንቺ ሥራ ነው። አራተኛው ዙር ላይ ያስገባሻት ግራ ቡጢ ሰንጥቃው፣ እስካሁን በሳቅሁ ቁጥር ትወጋኛለች። እጅሽ ይባረክ ልልሽ ነበር፤ ግን ከዚህ በታች ያለውን ስትሰሚ ምርቃቴንም የምትፈልጊው አይመስለኝም።

ይህን ወረቀት የሚያነቡልሽ እናትሽ እንደሆኑ አውቃለሁ። ፊደሉ ዓይንሽ ላይ ሁለት ሁለት እየሆነ እንዳስቸገረሽ ነግረውኛል። እያወቅሁ ነው እንግዲህ የምጽፈው። እማማ፣ በሞቴ፣ አንድም መስመር ሳይዘሉ ያንብቡላት።

ሐሙስ ጠዋት አጣሪ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ። ጉዳዩ የእኛን ግጥሚያ የመሩት ዳኛ ነው። ግጥሚያውን በጊዜ አላስቆሙም ተብለው ዕድሜ ልካቸውን ሊታገዱ ነው። ጋዜጣውማ ደም የጠማቸው ሽማግሌ ብሎ ጽፎባቸዋል። እኚህ ሰው እኮ ጡረታ እስኪወጡ አውቶቡስ ሲነዱ ድመት እንኳ ገጭተው አያውቁም! ባለፈው ማክሰኞ የኮሚቴው ቢሮ ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው፤ ኮታቸው ሰፍቷቸው። ጓደኛሽ ጭኗን መታ መታ ስታደርግ አይቻለሁ ልጄ፣ እግሯን የምታፍታታ መስሎኝ ነው፣ ለመሆኑ አንቺ ያየሽው ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ምንም አላየሁም አልኳቸው። ሰውዬው ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ ብለውኝ ሄዱ። እኔን! ይቅርታ!

የምልክታችንን ነገር ካንቺ፣ ከእኔና ከአሰልጣኛችን ከጋሽ ፉጨት በቀር የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። እንዴት እንደመጣች ትዝ ይልሻል? ልብስ ማጠቢያ ድርጅቱ ውስጥ ያ አለቃችን ከማድረቂያው ማሽን ጀርባ አፌን አፍኖ ከግድግዳው ጋር ሲያጣብቀኝ፣ አንቺ የያዝሽውን እርጥብ አንሶላ ጥለሽ መጥተሽ መንጋጋውን አልሽው። ጥርሱ የታጠቡ ፎጣዎች ቅርጫት ውስጥ ወደቀ። እኔ ደግሞ የወደቀ ሰው መምታት ነውር መሆኑን ገና ስላልተማርኩ በእግሬ ጨመርኩለት። በዚያው ቀን ሁለታችንም ተባረርን፤ በማግስቱ ከጎማ ጥገናው ጀርባ ያለው አዳራሽ ሄደን ቦክስ አስተምሩን አልን።

ጋሽ ፉጨት ሳቁብን። ደወል ስላልነበራቸው ዙር የሚያስጀምሩትም የሚያስቆሙትም በፉጨት ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ከሳቃቸው ብዛት ማፏጨት አቃታቸው። ወንዶቹ ከሴት ጋር አንጋጠምም ስላሉ እርስ በርሳችን እንድንደባደብ ተፈረደብን። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ አንቺን፣ አንቺ እኔን። በመጀመሪያው ሳምንት አፍንጫሽን ስሰብረው፣ ደሙ ደረትሽ ላይ እየወረደ በጓንትሽ ጭንሽን ሁለቴ መታ መታ አደረግሽ። ምን ማለት እንደሆነ ሳልጠይቅሽ እጄን አወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ሆነች፤ በቃኝ፣ ተይኝ ማለት። ጉበቴን መትተሽኝ ትንፋሼ ቀጥ ያለ ዕለት እኔም ጭኔን መታሁ፤ ወዲያው አቅፈሽ ወለሉ ላይ አስቀመጥሽኝ፣ የጥርስ መከላከያዬንም ከአፌ አወጣሽልኝ። አንድም ቀን ተጠራጥረሽኝ አታውቂም።

ከዚያማ እንጀራችን ሆነ። የመጀመሪያ ግጥሚያሽ የተደረገው መጋዘን ውስጥ ነበር። አስተዋዋቂው ቆነጃጅቱ መጡላችሁ ሲል ያ ሁሉ ወንድ ጥርሱን አገጠጠ። በሁለተኛው ዙር የልጅቷን መንጋጋ ስትሰብሪው፣ ድምፁን የሰማ ሁሉ ጥርሱን ከደነ። እኔን ደግሞ አንዷ ቅንድቤን ለሁለት የከፈለችኝ ቀን የሰፋኝ የከብት ሐኪም ነበር፤ ላም ብትሆኚ ኖሮ ይበልጥ ያምርልኝ ነበር አለኝ፣ ባለጌ። አንቺ ዘጠኝ አሸነፍሽ፣ እኔ አሥራ አንድ። ስንቷን በቃሬዛ ሸኘናት! ጣቶቼ ተሰብረው ተሰብረው ስለገጠሙ ጠዋት ጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተኛል። ግን አልዋሽሽም፤ ወድጄው ነበር። ፊቴ የቆመችው ሴት ጉልበቷ ሲከዳት እጄ ላይ የሚሰማኝን ያህል የጣፈጠኝ ነገር በዓለም ላይ የለም።

በእኛ የኪሎ ምድብ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ስንሆን የግጥሚያው አዘጋጅ የሻምፒዮናውን ቀበቶ መሐላችን ወረወረው። ጋሽ ፉጨት ከእኔ ጋር ቀሩ፤ አንቺ ሌላ አሰልጣኝ ጋ ሄድሽ። ግጥሚያው ሁለት ቀን ሲቀረው ቤቴ መጥተሽ፣ ከደወሉ በፊት እህትማማች ነን፣ ሁሉም ካለቀ በኋላም እህትማማች ነን፣ መሐሉን ብቻ አንቁጠረው ብለሽ ስመሽኝ ሄድሽ። እኔም እሺ አልኩሽ። እንዴት ቀሎኝ እሺ እንዳልኩሽ ሳስበው አሁንም ይገርመኛል።

አቤት ድብደባ! በመጀመሪያው ዙር ገና ከጥጌ ሳልወጣ ከንፈሬን ተረተርሽው። በሁለተኛው ጉበትሽን አገኘሁት፤ ስታቃስቺ ትንፋሽሽ ፊቴን አቃጠለኝ። በአራተኛው ጎድኔን ወሰድሽው። አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ ፊቴን እንደ ቆዳ ነው ያለሰለስሽው። ስድስተኛው ሲያልቅ ግራ ዓይኔ ተደፍኖ፣ በነጥብ እየተበለጥኩ ጥጌ ላይ ተቀመጥኩ። መከላከያዬን ሳወጣው ደሙ ባልዲው ውስጥ ተንዠቀዠቀ። ጋሽ ፉጨት ራሴ ላይ ውኃ እያፈሰሱ፣ ጭኗን ብትመታ እንዳታምኛት፣ ወጥመድ ነው፣ ያኔ ግቢና ጨርሻት አሉኝ።

ሰባተኛው ዙር ተጀመረ። እንደምንም ቀኝ ቡጢዬ ጆሮ ግንድሽ ላይ አረፈች። ዓይንሽ ነጭ በነጭ ሆነ፣ ጉልበትሽ ተብረከረከ፣ ጀርባሽን ገመዱ ያዘው። ከዚያ ጓንትሽ ወደ ጭንሽ ወረደ። አንዴ። ሁለቴ።

አየሁ። በቀረኝ ዓይኔ፣ በዚያ ሁሉ መብራት ሥር፣ ፊት ለፊቴ አየሁት። ዳኛው እስኪደርሱ ስድስት ጊዜ መታሁሽ፤ ቆጥሬዋለሁ። የመጀመሪያው አገጭሽ ላይ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ቦታ፣ ያው ጆሮ ግንድሽ ላይ። አራተኛው ሲያርፍ ሁለቱም እጆችሽ ወርደው ነበር። አምስተኛው ላይ እየተንበረከክሽ ነበር። በስድስተኛው ወለሉ ሳይቀበልሽ ደረስኩብሽ። ጭንቅላትሽ ወለሉን ሲመታ በጫማዬ በኩል እግሬ ድረስ ተሰማኝ። እጄን ወደ ላይ ሲያነሱልኝ እየጮህኩ ነበር፤ በደስታ።

አሁን ይህን የሰማ ሁሉ ጥፋቱን ጋሽ ፉጨት ላይ ይለጥፋል፤ እኔም ብለጥፍባቸው ማን ይከለክለኛል? ግን እሳቸው ነገሩን ከየት አመጡት? ከእኔ ነው። ግጥሚያው ሳምንት ሲቀረው መስታወቱ ፊት ቆሜ፣ እንዲህ ነው የማደርጋት ብዬ አሳየኋቸው። ጭኔን ሁለቴ መታ መታ፤ አንቺ እንደ ልማድሽ እጅሽን ስታወርጂ በቀኝ መንጋጋሽን። ደጋግሜ ተለማመድኳት። ለስምንተኛው ዙር ያስቀመጥኳት ናት። ስለዚህ አንቺ በሰባተኛው ጭንሽን ስትመቺ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ቀደመችኝ! አልኩ። ደሜ ፈላ። የገዛ ተንኮሌን አንቺ ውስጥ አየሁትና በንዴት ጨፈጨፍኩሽ። አንቺ ግን የምርሽን ተይኝ እያልሽኝ ነበር።

ከጀመርኩ አይቀር አንድ የቀረችኝን ልንገርሽ። ሐኪሙ አንደበቷ ላይመለስ ይችላል ያለን ዕለት፣ እማማ ደረቴ ላይ ተደፍተው ሲያለቅሱ እኔ በውስጤ እፎይ አልኩ። እሷ ካልተናገረች ማን ይናገራል ብዬ። አፈር በበላሁ! ከስድስቱ ቡጢዎች ይልቅ እንቅልፍ የነሳችኝ ያቺ እፎይታ ናት።

ባለፈው እሑድ ከአልጋሽ አጠገብ ነበርኩ፤ ዓይንሽ ተከድኖ ስለነበር አላየሽኝም። እማማ ያልተላጨውን ግማሽ ጠጉርሽን እየሠሩልሽ ነበር። አንዱን ጉንጉን ጠበቅ ሲያደርጉት ግራ እጅሽ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሁለቴ መታ መታ አደረገ። ወዲያው አላሉት። ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት፣ ሲያማት ሁለቴ መታ ታደርገኛለች፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ስቤባት አላውቅም አሉ። በግጥሚያው ቀን እማማ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ፤ ባንቺ ጥግ በኩል፤ ጓንትሽ ወደ ጭንሽ ሲወርድ አይተዋል ማለት ነው።

ከዚያ ያንቺም ጠጉር ተበታትኗል፣ ነይ ቁጭ በይ አሉኝ። እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ከግንባሬ ጀምረው ጠበቅ፣ ጠበቅ እያደረጉ ጎነጎኑኝ። ቆዳዬ የሚላቀቅ መሰለኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እጄን ከወለሉ አላነሣሁም። ሲጨርሱ አምሮብሻል አሉኝና ያንቺን ብርድ ልብስ ማስተካከል ጀመሩ። እኔም ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ፤ ለምን እንዳወለቅኩት እንኳ አላውቅም። ቤቴ እንደገባሁ ይህን ወረቀት አወጣሁ፤ ለመጻፍ ግን እስከ ዛሬ ፈጀብኝ።

ሐሙስ ሄጄ አይቻለሁ እላለሁ። የመጋጠሚያ ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ ቀበቶውንም ይወስዱታል፤ ከዚያ የባሰም ሊመጣ ይችላል። ዳኛው ግን ስማቸውን ይዘው ቤታቸው ይገባሉ። እኔ ከቡጢ ሌላ የማውቀው ልብስ ማጠብ ነው፤ በእነዚህ ጣቶች እሱንም ማን እንደሚያሠራኝ እንጃ። ፈርቻለሁ፤ አንቺን ለመግጠም ስወጣ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

ይቅር በይኝ አልልሽም። እምቢ ማለት የማትችልን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ያው መምታት ነው። እምቢ የምትይበት ቀን ሲመጣ መጥቼ እጠይቅሻለሁ፤ ያኔ እንደ ልብሽ ትመልሺልኛለሽ።

እግዜር አንደበትሽን ይፍታልሽ፤ እግርሽን ያጽናልሽ፤ ለእማማ ዕድሜ ይስጥልን። መጀመሪያ የምታወጪው ቃል ስድብ ከሆነ ለእኔ ይሁን፤ አደራ፣ ለሌላ ሰው እንዳታባክኚው።

አይታ የመታችሽ

ጓደኛሽ