ከጆንያ ክር የተሠራ ቬሎ

ጌታሁኔ፣ የልጄ አባት፤

ከተለየኸን እነሆ አራተኛው ክረምት ገባ። ክረምት ስል እንኳ የአፍ ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ድሬን ታውቃታለህ። ዝናቡን ደጋው ይጠጣዋል፤ ለእኛ የሚደርሰን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍና ከጎርፉ በኋላ የሚመጣው ትንኝ ነው። ዛሬ እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ፣ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ወደየቤቱ አስገብቶ ከተማው ጭር ባለበት ሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። ስለ ሐዘኔ አይደለም። እሱን መቃብርህ ላይ ቆሜ ብዙ ጊዜ ነግሬሃለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ትንሽ ልፎክርልህ ብዬ ነው።

ሰናይት አገባች፤ የለበሰችውን ቬሎ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንተ ከሄድክ በኋላ ዳቦ ቤት ተቀጠርኩ። ሊጥ አቦካለሁ፣ ዱቄት እነፋለሁ፤ ማታ ስመለስ ፀጉሬ እንደ አሮጊት ነጭ ሆኖ ሰናይት ትስቅብኛለች። ግቢያችን ውስጥ ያለው ኒም ዛፍ ጣራውን አልፎ አድጓል። ሬዲዮኑ ከልብስህ ጎን እንደተቀመጠ ነው። ኪሮሼን ግን በቀብርህ ማግስት በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ዳንቴል ለማን ልሥራ? ደግሞስ በምን ክር?

አንተ ነበርክ የክር አገሬ። ከጅቡቲ በተመለስክ ቁጥር የኮትህ ኪስ በክር አብጦ ይመጣል። ባቡሩን አስረክበህ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ የምትጠይቀው ውሃ ነው፤ ለመጠጣት ሳይሆን እጅህን ለመታጠብ። የሞተሩ ዘይት ክሩን እንዳያቆሽሽ በነጭ ጋዝ ትፈትገዋለህ፣ በሳሙና ትደግመዋለህ፣ ከዚያ ሁለት ክንድህን ዘርግተህ ፊቴ ትቀመጣለህ። እኔ ክሩን ከክንድህ ላይ እየፈታሁ እጠቀልላለሁ። ባቡር የሚያንቀጠቅጥ ሰውዬ ክር እንዳይወሳሰብ ብሎ ትንፋሹን ይይዝ ነበር! አንድ ቀን በዚያው እንደተቀመጥክ እንቅልፍ ወስዶህ፣ ክንድህ ግን እንደተዘረጋ መቅረቱን አልረሳውም። ሰናይት ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ቀስ ብላ ድመቷን አምጥታ ክንድህ ላይ አስቀመጠችብህ።

አሁን ወደ ሠርጉ ልምጣ። ልጁ ቴሌ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው፤ ብታየው ትወደዋለህ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ሽማግሌ ልከው፣ ቀን ተቆርጦ፣ ሁሉ ነገር ደህና ሲሄድ ቬሎ ከየት ይምጣ? ሱቁ ባዶ ነው። ቬሎ ማምጣት የወንዱ ወገን ድርሻ ስለሆነ የልጁ አክስት እትዬ ብርቄ ከአዲስ አበባ ተከራይተው እንደሚያስመጡ ሊነግሩን መጡ። ስንት ሙሽራ የለበሰችው ቬሎ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሰናይት እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸውና፣ «እትዬ፣ አይድከሙ። ቬሎዬን እናቴ ትሠራልኛለች» አለች።

ጌታሁኔ፣ ደነገጥኩ። አንድ ቃል አልመከረችኝም እኮ!

እትዬ ብርቄ ፊታቸው ጠቆረ። «ጥሎሽ የሚያመጣ የወንድ ወገን ነው። ድሆች ናቸው ልትሉን ነው?» አሉ። ሰናይት ግን ያንተ ልጅ ናት፤ አንዴ ሐዲዷ ላይ ከወጣች አትመለስም። «ወርቁን እርስዎ ያምጡ፤ ልብሱ የእናቴ ነው» አለቻቸው። ሴትዮዋ ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «እንግዲህ ልጅቷ በአቡጀዲ ቀሚስ ብትዳር እኛ የለንበትም» ብለውኝ ሄዱ።

ልጄን ልቆጣት ስል ቀደመችኝ። «እማዬ፣ ከአባዬ በኋላ እጅሽ ሥራ እንጂ ጥበብ ሲነካ አላየሁም። ለእኔ ብለሽ ንኪው» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ክር ግን የለም። ጎረቤታችን ሃዋ፣ የግመል ወተት የምትሸጠው፣ ታውቃታለህ፤ መጋላ ገበያ ያለውን ሱቅ ሁሉ ዞራ ባዶ እጇን መጣች። «አቦ አስካለ፣ ወላሂ ክር የሚባል ነገር ከዚህ አገር ጠፍቷል። ከጅቡቲ የሚመጣውንም ፊናንስ ፖሊሶች ጣቢያ ላይ ይወስዱታል» አለችኝ። ለልጄ «አልቻልኩም» ለማለት አፌን እያሟሸሁ ሥራ ገባሁ። ያን ቀን የዱቄት ጆንያ ስፈታ፣ የጆንያው አፍ የተሰፋበት ክር፣ ጫፉን ካገኙት ተርተር ብሎ በአንድ ጊዜ የሚወጣው፣ እጄ ላይ ተንጠለጠለ። በየቀኑ ከቆሻሻ ጋር የምጠርገው ክር ነው። ጥጥ ነው። ጠንካራ ነው። ወደ ብርሃኑ ይዤው ቆምኩ።

ኃላፊያችንን ልወስደው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ለምንሽ ነው?» አለኝ። «ለልጄ ቬሎ» ስለው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ግን ሌሎቹ ሠራተኞችም እንዳይጥሉት አዘዘልኝ። ሃዋም የጆንያ ክር አትጣሉ እያለች የምታውቀውን ሻይ ቤት ሁሉ አስቸገረች። ያ ክር ዱቄትና አቧራ የጠጣ፣ መልኩ የዳጉሳ ዓይነት ነበር። በሳሙና ቀቀልኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ እንደገና ቀቀልኩት። የድሬ ፀሐይ ለአንድ ነገር ስትጠቅመን አየሁ፤ አነጣችው! ንጹሕ ነጭ አይደለም፤ የወተት ስልባቦት መልክ ያዘ። ከሱቅ ነጭ እሱ ይሻላል፤ የሰናይትን ጠይም ፊት ያበራዋል።

ከዚያ ሣጥኑን ከፈትኩ። ኪሮሹን ስይዘው ጣቶቼ እንግዳ ሆኑብኝ። ከዚራ ሰፈር ሳለን ያቺ ግሪካዊት ጎረቤታችን ያስተማረችኝ ጽጌረዳ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ጠፋኝ። እሠራለሁ፣ እፈታለሁ። ሊጥ ማቡካት ጣት ያደነድናል ለካ። አንድ ቀን ተናድጄ ክሩን ወረወርኩትና ወደ ማጀት ገባሁ። ሃዋ አንስታ፣ አቧራውን አራግፋ፣ ጉልበቴ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። «ግመል እንኳ ከርሞ ውሃ ሲያገኝ መጠጣት ይረሳል እንዴ? ቁጭ በይ!» አለችኝ። ቁጭ አልኩ። አእምሮዬን ተውኩና እጄን ብቻ ለቀቅሁት። ጌታሁኔ፣ እጄ አስታወሰ! ጽጌረዳዋ ስታብብ ሃዋ እልል አለች፤ የግቢው ሰው ምን ተገኘ ብሎ ወጣ።

ከዳቦ ቤት እንደተመለስኩ፣ ብርሃን እስካለ ድረስ በረንዳው ላይ እሠራለሁ። እጅጌው አለቀ፣ ደረቱ አለቀ። ትከሻው ጋ ስደርስ አንዷ ጽጌረዳ ቅጠል ጎድሎባት ከታች እንዳለፍኳት አየሁ። ሃዋ ዓይኗን አጥብባ ፈልጋ አጣቻት። «ማን ያያል? ተያት» አለችኝ። እኔ አያታለሁ። ሰናይት ልታለቅስ ደርሳ እያየችኝ ስንት ቀን የለፋሁበትን ፈታሁት። ሠርጉ ደርሷል፤ ግን ስፈታው ደስ አለኝ ብልህ ታምናለህ? ለዚያች አንዲት ቅጠል የምጨነቀው ሴትዮ ተመልሳ መምጣቷን ያን ጊዜ አወቅሁ። ሞታለች ብዬ ነበር።

ሠርጉ የሰዓት እላፊው ሳይደርስ እንዲያልቅ በቀን ሆነ። ውስጡን አቡጀዲ ገበር አድርጌለታለሁ፤ ከላይ ከአንገት እስከ እግር ጽጌረዳ። መከናነቢያው እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ነው። ሰናይት ከጓዳ ስትወጣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እውነቴን ነው፤ የሚጨፍሩት እንኳ ቆሙ። እትዬ ብርቄ ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡ፤ እጅጌውን ይዘው፣ ገልበጥ አድርገው ውስጡን አዩ። ጥሩ ሥራ የሚታወቀው በውስጡ ነው፤ ያን ማወቃቸውን ሳይ ልቤ ራራላቸው። «ይሄ ከየት አገር የመጣ ነው?» አሉ።

ልጃችን አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ከዳቦ ቤት ነው እትዬ። እናቴ ከዱቄት ጆንያ ክር የሠራችው ነው» አለች።

ስለ ጆንያው እንዳትናገር ልለምናት አስቤ ነበር። እንኳንም አልለመንኳት። እትዬ ብርቄ ወደ እኔ ዞሩ፤ ምን ይሉኝ ይሆን ስል ጎንበስ ብለው እጄን ሳሙት። በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴትዮ! ወደ ኋላ ልሸሽ ስል አጥብቀው ያዙኝ። ያን ጊዜ አላለቀስኩም። ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ አንተ ባቡርህን ጣቢያ ስታስገባ በመስኮት ብቅ ብለህ እንደምትቆመው ቆምኩ።

አሁን እሑድ እሑድ ከሰዓት በረንዳችን በሴት ይሞላል። ሃዋ ለባሏ የሶላት ቆብ ጀምራለች፤ ለግመል እንጂ ለሰው ራስ የሚሆን አልመሰለኝም፣ ግን አትሰማም። ባሏ ግንባር የሄደባት አንዲት ወጣት አለች፤ ስትመጣ ከማንም አትነጋገርም ነበር። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያ ዙሯን ጨርሳ «እትዬ፣ እዪልኝ» አለችኝ። እትዬ ብርቄም ይመጣሉ። ክር ይበጥሳሉ፣ ይሳደባሉ፣ ደግሞ ይቀጥላሉ።

እኔ ምን እንደያዝኩ ልንገርህና ላብቃ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ለጠረጴዛ፣ ለአልጋ፣ ለሰው ቤት ነው፤ ለገላዬ የሚሆን ሠርቼ አላውቅም። አሁን ለራሴ የአንገት ልብስ ጀምሬአለሁ፤ ነጭ። ከቀብርህ ጀምሮ የለበስኩትን ጥቁር ላወልቅ ነው ጌታሁኔ። አልረሳህም፤ በየዓመቱ ቀንህን አስቤ እመጣለሁ፣ በእያንዳንዱ ጸሎቴ ስምህ አለ። ግን የሙት ዓመትህ ዕለት የምታለቅስ ሴት ሆኜ አልመጣም። የእጄን ሥራ ለብሼ፣ ቀና ብዬ በቤተ ክርስቲያኑ በር እገባለሁ፤ ቄሱ የሟቹን ስም ሲጠይቁኝም ድምፄን ከፍ አድርጌ እነግራቸዋለሁ።

አስካለ