በሰያፍ የተቆረጠው ናሙና

ጥር 6
ሻይ ጠጣሁ፣ የብረት ናሙና ቆረጥኩ፣ አለሰለስኩ፣ በማይክሮስኮፕ አየሁ። የተለመደ ቀን። ሦስት ብረቶች አብረው ቀልጠው ሲረጉ ይለያዩና በየተራ ይነባበራሉ... ስስ፣ ስስ ሆነው። ስንት ዓመት አይቼው አልጠገብኩም።
ከተማሪዬ ናሙናዎች አንዱንም ቆረጥኩ። ጓደኞቿ "ሦስት ብረት" የሚሏት ልጅ። ንብርብሩ እሷ ለክታ ከጻፈችው ይሰፋል። እንዴት?

ጥር 8
ስብሰባ ላይ ልኬትሽ ሁሉ ስህተት ነው አልኳት። ሰው ፊት። ልታስረዳ ጀመረች፣ አላስጨረስኳትም። ዓይንሽን ተመርመሪ አልኩ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ጥር 11
ጉድ ሆንኩ። መቁረጫው ላይ ናሙና የሚይዘው ማሰሪያ ተንጋዷል። ብሎኑን ሳላጠብቅ... ችኮላ። በሰያፍ ነው የቆረጥኩት! ካሮት እንኳ በሰያፍ ሲቆረጥ ሰፍቶ ይታያል። አስተካክዬ ደገምኩት። የልጅቷ ልኬት ልክ ነው።
ባለቤቴ ምን ሆነሃል አለች። ራሴን አሞኛል አልኩ። ራስ ምታት ፊት አያቀላም አለችኝ።

ጥር 12
ምድጃው ጋ አገኘኋት። ናሙናዎቿን በሙሉ መልሳ አቅልጣቸዋለች፤ እንደ አዲስ ልትጀምር። የሁለት ዓመት ሥራ። አንዴ ከቀለጠ ንብርብር ብሎ ነገር የለም። የተረፈው እኔ ጋ ያለው ቁራጭ ብቻ ነው።
ሁሉንም ነገርኳት፣ ብሎኑንም። ጓንቷን አወለቀች። እኔው ደግሞ አላፍር ብዬ...
"ምነው ሳትጠይቂኝ አቀለጥሻቸው?"
"እርስዎ ካሉ ብዬ ነዋ፣ ጋሼ።"
ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ጥር 15
ስብሰባው ላይ ቆሜ ጥፋቴን ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። ጊዜ እንዲጨመርላት ጠየቅኩ፣ ተፈቀደ። ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሰው ፊት ያዋረድኳትንስ?

ጥር 23
አልተኛሁም። እያመነችኝ ነው የጎዳኋት። ባታምነኝ ኖሮ ሥራዋ ይተርፍ ነበር።

የካቲት 20
ከአዲሶቹ ናሙናዎቿ የመጀመሪያው ረጋ። ብሎኑን ደጋግሜ አጥብቄ ቆረጥኩት። ንብርብሩ እንዴት ያምራል! ሮጬ ጠራኋት። ልክ ነሽ፣ ልኬቱ አሁንም እንደ በፊቱ ነው አልኳት።
ማይክሮስኮፑን ጎንበስ ብላ አየች። ደስ ያላት መሰለኝ። ከዚያ ናሙናውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ በትህትና።
"ይቅርታ ጋሼ... ሌላም ሰው ይየው ብዬ ነው።"
ይገባል አልኩ። በሩን ከፈትኩላት።