ከቢሮ በኋላ ወደ ሐይቁ

ሐይቅ፣ ኅዳር 4 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሂንድ፤

አዲስ አበባ እንዴት ይዞሻል? እኔ አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ብል ያንስብኛል፤ ሰውነቴ ቀሎኛል።

«ወገቤን ያመኛል፤ ምሳዬም እዚያው ታይፕ መኪናው ፊት ሻይና ቦምቦሊኖ ነው» ያልሽኝን ሳነብ የራሴን ነገር የምታወሪልኝ መሰለኝ። እኔም ቀኑን ሙሉ ስታይፕ ውዬ፣ ቢሮ ሲዘጋ ስብሰባ ተቀምጬ፣ አባትሽ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ማታ ማታ ሻዬን ስኳር በስኳር አድርጌ ብቻዬን ስቀመጥ፣ እግሬ እንደሚያብጥ አልነገርኩሽም። ክረምት ላይ የክሊኒኩ ድሬሰር ግፊቴን ለካና፣ «እትዬ ዘይቱና፣ በዚህ ከቀጠሉ ልጅዎን አይድሩም። ከወንበሩ ይነሱ፤ በእግርዎ ይሂዱ» አለኝ።

«ወዴት ልሂድ?»

«ይኼ ሁሉ ሐይቅ እያለልዎት!»

ከዚያ ወዲህ ከቢሮ ስንወጣ እንሄዳለን። መጀመሪያ ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ የመዝገብ ቤቷ ስህን፣ የሒሳብ ክፍሉ ጠሃ፤ ያ ሚስቱ የሞተችበት። ስህን «የእናንተ ወሬ ከመንገዱ ይረዝማል» ብላ ቀረች። ጠሃ በመጀመሪያው ቀን ገና ከከተማ ሳንወጣ ወገቡን ይዞ ቆመ።

«ምነው ጓድ ሒሳብ ሹም፣ ሒሳቡ አልዘጋ አለህ?» አልኩት።

«አንቺ መኪናሽ ላይ እንደምትሮጪው ነው መንገዱንም የያዝሽው። ረጋ በይ፣ ሐይቁ አይሸሽም።»

አመሻሽ ላይ ጭጋጉ ሲወርድ፣ ሂንድዬ፣ ውሃውና ሰማዩ አይለዩም። ታንኳዎቹ አየር ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። ስመታቸው የዋልኳቸው ፊደሎች ከጣቶቼ እየረገፉ ውሃው ውስጥ ሲሰጥሙ ይታየኛል። ከዚያ በኋላ ኮቴ ብቻ ነው የምሰማው፤ አንዳንዴም የሁለታችን ኮቴ የአንድ ሰው ይሆናል። ቤቴ ስገባ እንደ ልጅ እተኛለሁ። ድሬሰሩ በቀደም ለክቶኝ ወርዷል አለ፤ መሣሪያውን ተጠራጥሮ እንደገና ለካኝ።

አባትሽ የሞተ ሰሞን እጄን ይዘሽ «እማዬ፣ በሱ ቦታ ሰው እንዳታስቀምጪ» ያልሽኝን አልረሳሁም። ቦታው እንዳለ ነው ልጄ። እኛ የምንሄድ ነን እንጂ የምንቀመጥ አይደለንም።

አንቺም ተነሺ። ምሳሽን በልተሽ ትንሽ ዞር ዞር በይ፤ ወረቀቱ ይጠብቅሻል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። መርካቶ ስትወጪ የሸራ ጫማ ግዢልኝ፤ የያዝኩት ሶሉ አልቋል። ልኩ እንዳይጠፋሽ እግሬን ወረቀት ላይ አስምሬ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ከሥሩ ሌላም እግር አለ፤ ትልቁ። የሱን የምትገዢው ልብሽ ከፈቀደ ብቻ ነው። የኔን ብቻ ብትልኪም አልቀየምሽም፤ መልእክቱ ይገባኛል፤ በባዶ ቤት ውስጥም ቢሆን ወዲያ ወዲህ እላለሁ።

አላህ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይጋርድሽ። ድግስሽን በሁለት እግሬ ቆሜ ለማየት ያብቃኝ።

እናትሽ ዘይቱና