ቁምጣህን ይዤው እሄዳለሁ

ገመቹ፣

«ውድ ባለቤቴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከሄድክ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስላንተ ክፉ ቃል ሊያመልጠኝ ሲል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እያልኩ ምላሴን ስነክስ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ያድርገኝ። ልወቅስህ ነው የተቀመጥኩት፤ አንተም እንደ ልማድህ ጃኬትህን አንስተህ ወደ ደጅ መውጣት አትችልም።

ነገ ማለዳ ልጆቹን ይዤ ወደ ሞምባሳ እሄዳለሁ። የጠራችን እህቴ ናት። ባሏ እዚያ ሥራ ከያዘ ወዲህ «አንድ ክረምት እንኳ እኛ ዘንድ አሳልፉ» ስትል ከርማ በመጨረሻ ቲኬቱን ላከችው። አዎ፣ ባሕሩ ጋ ነው የምንሄደው። ለሊሴ አፏን ከፈታች ጀምሮ «በሚመጣው ክረምት፣ በሚመጣው ክረምት» ስትል የኖርክለት ባሕር ጋ። የጂኦግራፊ መምህር ነበርክ፤ የነቀምቴን ልጆች የሕንድ ውቅያኖስን ከነማዕበሉ በጠመኔ አሳይተሃቸዋል። ራስህ ግን ከዲዴሳ ወንዝ የሚበልጥ ውሃ አይተህ አታውቅም።

ቤቱን ልንገርህ። ለሊሴ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ከትከሻዬ አልፏል፤ ያንተን አትላስ ከትራሷ ሥር አታወጣውም። ናኦል ሰባት ሞላው፤ የፊት ጥርሶቹን ጥሎ ሲስቅ እናትህን ይመስላል። አጥሩ ጥግ የተከልከው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ። ጃኬትህን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰጠሁት፤ በየቀኑ ለብሶት በሩ ላይ ስለሚቆም ከሩቅ ባየሁት ቁጥር እደነግጣለሁ፤ ሌላ ሰፈር ለሚኖር ሰው ሰጥቼው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ለልጆቹ ፓስፖርት ላወጣ ስሄድ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ቀና ሳይል «አባትየው ቀርበው ይፈርሙ» አለኝ። «አይቀርቡም» አልኩት። ከዚያ በኋላ የሞትህን የምስክር ወረቀት ፍለጋ፣ ከፍርድ ቤት የሞግዚትነት ማስረጃ ፍለጋ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። በሕይወት ሳለህ ባሕሩን አላሳየኸንም፤ ሞተህ ደግሞ ወረፋ አስያዝከን።

በሐምሌ ነቀምቴ ውስጥ የታጠበ ልብስ እንደማይደርቅ ታውቃለህ። ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፣ ማታ ይደክመውና ያካፋል። የልጆቹን ካናቴራ ከሰል አቀጣጥዬ ወንበር ላይ ዘርግቼ ነው ያደረቅኩት፤ ሁሉም ጭስ ጭስ ይሸታል። ሞምባሳ ስንደርስ ከተቃጠለ ቤት ያመለጥን እንመስላለን። ጎረቤቱ ደግሞ ሹራብ ይዞ የማይመጣ የለም። «ሰው አገር ሹራብ አይጠላም፣ ባሕር ዳር ነፋስ አለው» ይሉኛል። እኛ መንገድ ስንል ብርድ ነው የምናስበው፤ ከዚህ የተነሳ ሰው ሁሉ ወደ ባሰ ብርድ የሚሄድ ይመስለናል። ለሊሴ አትላሱን ይዛ «እዚያ እኮ ሙቀት ነው» እያለች ትዞራለች፤ የሚሰማት የለም። ልክ እንዳንተ በትዕግሥት ታስረዳቸዋለች፤ እኔም ሹራቦቹን እቀበላለሁ።

አርብ ዕለት ሻንጣውን አወረድኩ። ሰማያዊውን፣ ባለ ጎማውን፣ ከመሞትህ ሦስት ሳምንት በፊት ከአዲስ አበባ ተሸክመህ የመጣኸውን ማለቴ ነው። ያን ቀን «ወዴት ልንሄድበት ነው?» ብዬ ጮኼብህ ነበር። አንተም ቁም ሳጥኑ ላይ አወጣኸው። ከዚያ በኋላ አልነካሁትም፤ አቧራውን እንኳ አልጠረግኩትም። ባዶ መስሎኝ ነበር። ስከፍተው ሁለት የልጆች የዋና ልብስ፣ አራት የፀሐይ ኮፍያ፣ አንድ የወንድ ቁምጣ። ዋጋ የተጻፈባት ወረቀት እንኳ አልተቀደደችም። ከረባት ሳታስር ዳቦ ልትገዛ የማትወጣው ሰው ቁምጣ ገዝተሃል። የናኦልን የዋና ልብስ ለካሁለት፤ ከጉልበቱ አላለፈም። ለአምስት ዓመት ልጅ ነበር የተገዛው።

ከዚያ የውስጥ ኪሱን ዚፕ ከፈትኩ።

ወረቀቱን አገኘሁት ገመቹ። ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ የጻፈልህን የሪፈር ወረቀት። እንግሊዝኛዬ ያንተን ያህል ባይሆንም «ልብ» የምትለዋን ቃል አላጣኋትም፤ «በአስቸኳይ» የምትለዋንም። ቀኑ ከመሞትህ ሰባት ወር በፊት ነው። ግቢያችን ያለችው ነርስ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፤ እንባ አልመጣም፤ የመጣው ቁጣ ነው።

ምክንያቱም እኔ ያን ጠዋት አልረሳሁትም። «ደረቴን ያቃጥለኛል» አልከኝ። «ጨጓራህ ነው» አልኩህ። እዚህ አገር ከአንገት በታች ያመመው ሰው ሁሉ ጨጓራው ነው። እናቴ እንዳስተማረችኝ ተልባ ቆላሁ፣ ወቀጥኩ፣ ለብ ባለ ውሃ በማር በጥብጬ ሰጠሁህ። ጠጣህና አፍህን ጠርገህ «ቀለለኝ» አልክ። የናኦልን ራስ ስመህ ወጣህ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ከትምህርት ቤቱ በባጃጅ መጥተው ወሰዱኝ፤ ሆስፒታል ስደርስ ፊትህን ሸፍነውት ነበር።

እናትህ ድንኳኑ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ለቀስተኛ እየሰማ፣ «ልጄን በተልባ ሸኘችው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከኑኑ ቁምባ በመጡ ቁጥር ይህችን ቃል ሳይጥሉልኝ ሄደው አያውቁም። «ሐኪም ቤት መውሰድ ሲገባሽ» ይላሉ፣ ወደ ግድግዳው እያዩ። አልመለስኩላቸውም፤ ምክንያቱም አምናቸው ነበር። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ተልባ ቤቴ አልገባም። ገበያ ስሄድ ተልባ የሚሸጡበትን ተራ እዞራለሁ። ናኦል «አባዬ በምን ሞተ?» ሲለኝ ጥዬው ወደ ጓዳ እገባለሁ። አንተ ታውቅ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልክ ተማሪዎችህን ስትመክር ወረቀቱን አጥፈህ ሻንጣ ኪስ ውስጥ ዘጋህበት። ጠጥተህ «ቀለለኝ» ያልከኝ እያወቅክ ነው።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ወረቀት ማባከን አትወድም፤ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ አስቤዛ የምትጽፍ ሰው ነህ። በሪፈሩ ጀርባ ላይም በዚያ በሚያምር ጽሕፈትህ የጉዞ ዕቃ ዘርዝረሃል። ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ የለሊሴ ነጠላ ጫማ፣ የእመቤት ቀለል ያለ ቀሚስ፣ ቁምጣ ለኔ። መጨረሻ ላይ «ተልባ» ይላል። ውሸትህን እስከ ባሕሩ ድረስ ልትወስደው ነበር። ሐኪሙ ጉዞ ይከለክለኛል ብለህ ፈርተህ ይሆናል፤ መጀመሪያ ልጆቹን ባሕር ላሳይ፣ ከዚያ እታከማለሁ ብለህ ይሆናል። ይህን ሳስብ ልቤ ሊራራልህ ሲል ከለከልኩት። ልጆቹ ባሕር አልጠየቁህም። አባት ነበር የሚበቃቸው።

ትናንት ቅዳሜ እናትህ መጡ። በዚያ ዝናብ፣ ከኑኑ ቁምባ፣ ጭኮና ሙሉ ፌስታል አንጮቴ ይዘው። አንጮቴው ለእህቴ ነው፤ «ሰው አገር ሥር አይበቅልም» ብለው ከነጭቃው በልጆቹ የዋና ልብስ ላይ አስቀመጡት። ጭኮው ያን ሁሉ ቅቤ ይዞ በዚያ ሙቀት ሻንጣው ውስጥ ምን እንደሚሆን አሰብኩና ተቀበልኳቸው። ወረቀቱ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። አንድ ነገር ቆርጬ ነበር ገመቹ፣ አልዋሽህም። ዛሬ ተልባ የምትለውን ቃል ካነሱ ለሊሴን ጠርቼ ወረቀቱን በኦሮምኛ እየተረጎመች እንድታነብላቸው ላደርግ ነበር። ልጃቸው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ከገዛ ልጁ አፍ ይስሙት ብዬ። እንዲያነሱት ስጠብቅ ዋልኩ። ልብስ አጥፌ እያስቀመጥኩ፣ ጆሮዬን አቁሜ።

አላነሱትም። ይልቅ ለቡና ወጣ ብዬ ስመለስ የናኦል ጫማ ውስጥ አንድ ነገር ሲወትፉ ደረስኩባቸው። አወጣሁት። በላስቲክ የተቋጠረ የተወቀጠ ተልባ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እንዲህ አንሰው አይቻቸው አላውቅም። «ውሃ ሲቀየርበት ሆዱን ያመዋል ብዬ ነው» አሉኝ። «ለሆድ ሌላ አላውቅም፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከቀብርህ ወዲህ እንዲህ ጠርተውኝ አያውቁም። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ከመሞትህ አሥር ቀን በፊት ልትጠይቃቸው ሄደህ ደረቴን ያቃጥለኛል ብለሃቸው ነበር። ተልባ ወቅጠው አጠጡህ። «ቀለለኝ» ብለህ ጉልበታቸውን ስመህ ተመለስክ። እሳቸውም መዳንህን ለጎረቤት አወሩ። ሞትህን ሲሰሙ መጀመሪያ ያሰቡት ያንን ኩባያ ነው። «በእኔ እጅ ነው ብዬ ማደር ስላቃተኝ በአንቺ ላይ ጣልኩት» አሉኝ።

ሁለት ዓመት ከአራት ወር፣ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ነቀምቴ አንዷ ኑኑ ቁምባ፣ «የገደልኩት እኔ ነኝ» እያልን ኖረናል። አንተም ታውቅ ነበር እንዳልገደልንህ። ከዚህ በላይ ምን ልበልህ?

ልጆቹን ጎረቤት ላክኋቸው። ለሊሴን ለዚያ ተግባር አስቤያት ስለነበር አፈርኩ። ወረቀቱን አውጥቼ ራሴ ነገርኳቸው፤ ያቺን የተሰባበረች ኦሮምኛዬን ይዤ። ልብ፣ ኦኔ፣ አልኳቸው፣ ደረቴን እየነካሁ። ጨጓራ አይደለም፤ ተልባም አይደለም። ሐኪም ነግሮታል፤ ሰባት ወር ሙሉ ያውቅ ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፤ ማንበብ ባይችሉም ጽሕፈትህን ለዩት፣ በጣታቸው ዳሰሱት። ዝርዝሩን አነበብኩላቸው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ጣታቸውን ከወረቀቱ አነሱ። ከዚያ «ውሸታም» አሉህ። በአማርኛም በኦሮምኛም ደጋግመው አሉህ፣ እያለቀሱ። እኔም አልኩህ። ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ አብረን አልቅሰን አናውቅም፤ ድንኳኑ ውስጥ ተለያይተን ነበር ያለቀስንህ።

ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። እናትህም አላሉህም፤ እኔ ጋ ነው ያደሩት፣ አሁንም ማዶ ክፍል ከናኦል ጋር ሆነው ሲያጉረመርሙብህ ይሰማኛል። ቁጣዬ ግን ቦታውን አገኘ። እስከ ዛሬ እኔው ላይ ነበር ያለው፤ አሁን ወደ ባለቤቱ መልሼዋለሁ፣ ተሸከመው። ከጉዞ ስንመለስ እሳቸውን ሐኪም ቤት እወስዳቸዋለሁ፤ ደረታቸውን እንደሚወጋቸው አሁን ገና ነገሩኝ። ይህን ከአንተ ነው የተማሩት ወይስ አንተ ከእሳቸው፣ አላውቅም።

ሻንጣውን ዘጋሁ። ሹራቦቹን አወጣሁ፤ ለናኦል አንድ ብቻ አስቀረሁ። አንጮቴውን አጥቤ አስገባሁ። ጭኮውን እናትህ እያዩ ሦስት ጊዜ በላስቲክ ጠቀለልኩት፤ ከቀለጠም ይቅለጥ። ተልባውን አልጣልኩትም። ልጁን ሆዱን ካመመው እሰጠዋለሁ፤ ከዚያም ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ።

ነገ መንገድ ላይ አኖ ከተማን ስናልፍ ላስብህ እችላለሁ። አዲስ ሙሽሮች ሆነን አውቶቡሱ እዚያ የተበላሸብን ቀን፣ ቆመን ስንጠብቅ፣ በእንጨት ጭቃው ላይ አፍሪካን ሥለህ ባሕሩን በጫማህ ረግጠህ «እዚህ ነው የምወስድሽ» ብለኸኝ ነበር። የረገጥከው ቦታ የት እንደሆነ ዛሬ አትላሱ ላይ አየሁት። ሞምባሳ ናት።

አልረሳህም፣ ቃሌ ነው። ድንኳኑ ውስጥ እንደተነገረልህ፣ ታጋሽ፣ ዝምተኛ፣ ማንንም የማያስቸግር ሰው አድርጌ ግን አይደለም የማስታውስህ። ለልጆችህ ልክ እንደነበርከው እነግራቸዋለሁ፦ ይወዳችሁ ነበር፣ ሕመሙን ግን ይዋሽ ነበር። በዚህ ቤት ከዛሬ ጀምሮ «ቀለለኝ» የሚል ሰው የቱ ጋ ያመው እንደነበር አሳይቶ ነው የሚለቀቀው።

ቁምጣህንም ይዤው እሄዳለሁ። ማዕበል ላይ ልጥለው አይደለም፣ ለማንም ልሰጠውም አይደለም። እኔ እለብሰዋለሁ። ወገቡን በመርፌ ቁልፍ አጠባብቄ፣ ነቀምቴ ያላየችውን እግሬን አውጥቼ፣ ልጆችህን ግራና ቀኝ ይዤ ባሕርህ ውስጥ እስከ ጉልበቴ እገባለሁ። ውሃው እንዴት እንደሆነ ለመስማት ብትጓጓም አልነግርህም። መጥተህ ማየት ነበረብህ።

እመቤት