ከመዝሙሩ ሲዲ የወጣው መስመር

ውድ ሚክያስ፣

እዚህ ሆሳዕና ከተማ ዝናብ ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ተናድጃለሁ እንጂ። ስትደውል ገና ሰላምታ ሳንጨርስ "ኔትወርኩ አስቸገረ" ስለምትለኝ ዛሬ የማታቋርጠኝን መንገድ መረጥኩ።

ማክሰኞ አሥራ አንደኛ ክፍሎችን ስለ አተም አስተምር ነበር። መሣሪያ የለንም። ብርሃንን በየቀለሙ ለይቶ ለማሳየት የጫማ ካርቶንና ሲዲ ይበቃል፤ ግን ዛሬ ሲዲ ማን አለው? እኔ አለኝ። ደቡብ አፍሪካ ከመሄድህ በፊት ከአንጋጫው ቤተ ክርስቲያን ኳየር ጋር የዘመርክበትን፣ "አደራ፣ እንዳይጫር" ብለህ የሰጠኸኝን። ይህን ሁሉ ዓመት በሻርፕ ጠቅልዬ አስቀምጬው ነበር። በመቀስ ቆረጥኩት።

ቁራጩን የለጠፍንበትን ካርቶን ወደ ክፍሉ አሮጌ ፍሎረሰንት መብራት አዙረን አየን። ቀለሙ እንደ ቀስተ ደመና የተያያዘ አይደለም፤ አረንጓዴው መስመር ለብቻው፣ ወይነጠጁ ለብቻው ቆሟል። ሐዳሳ የምትባል ተማሪዬ፣ "ቲቸር፣ በመሃል ያለው ቀለም የት ሄደ?" አለችኝ።

"መብራቱ ውስጥ ሜርኩሪ አለ" አልኳት። "የሜርኩሪ ኤሌክትሮን የሚቆምባቸው የኃይል ደረጃዎች የተወሰኑ ናቸው። ኤሌክትሪኩ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ሲወርድ የሁለቱን ደረጃዎች ልዩነት ብርሃን አድርጎ ይለቀዋል። ልዩነቱ ሲሰፋ የሞገዱ ርዝመት ያጥርና ወደ ወይነጠጅ ያደላል፤ ሲጠብ ይረዝምና ወደ ቀይ።"

"በደረጃዎቹ መሃል መቆም አይችልም?"

"አይችልም" አልኳት።

አንተ ግን ትችላለህ። "ለመስቀል እመጣለሁ" ትላለህ፤ መስቀል ይመጣል፣ አንተ ትቀራለህ። "ጠብቂኝ" ትላለህ፣ ቀን አትቆርጥም። "አትጠብቂኝ" ለማለት ደግሞ አንደበትህ ይታሰራል። እጮኝነታችን በምዕመኑ ፊት ስለተነገረ እኔ ሚስትም ነፃ ሴትም ሳልሆን ቀረሁ። እናትህ እትዬ ገነቴ በየመስቀሉ ከቅርጫው ያንተን ድርሻ ለይተው ይሰቅላሉ። አምና ሥጋው ሲደርቅ አይተው፣ "ልጄ፣ ላንቺስ ደወለልሽ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? አንተን መለመን ውሃ መውቀጥ ሆነብኝ።

እወድሃለሁ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። እሁድ አንጋጫ ሄጄ በሽማግሌዎቹ ፊት ቀለበቱን ለእናትህ እመልሳለሁ። ከእንግዲህ ለመስቀል ከመጣህ ለእርሳቸው ብለህ ና።

ሲዲውን አልመልስም። ድምፅህ አይሰማበትም፤ ልጆቹ ግን ብርሃን ያዩበታል።

እጮኛህ የነበረችው፣
ማራኪ