በስለት ጃንጥላ ለመሩን ሊቀመንበር

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.
ሙቱንጎ፣ ካምፓላ

ለተከበሩ አቶ ሙሉዓለም አድማሱ፣
የእድራችን ሊቀመንበርና የ«ማዶ ለማዶ» አስጎብኚ ድርጅት ባለቤት፣
ናካዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ካቻምና ሰኔ፣ ከተማው ተዘግቶ ኦክስጅን በምልጃ በሚገኝበት ጊዜ፣ ከዚያ ክፉ በሽታ ተርፈው ዛሬ በሁለት እግርዎ ቆመው እኛን ለማሰለፍ ስለበቁ አምላክ ይመስገን። ድምፅዎም እንደ ድሮው መመለሱን በፈረንሳይ አገር በየግንቡ በር ላይ አረጋግጠናል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ዓምና ሰኔ የእድሩን አባላት በአውሮፕላን አሻግረው፣ እዚያም በአውቶቡስ ጭነው የፈረንሳይን ግንቦችና የባሕር ዳርቻ ቅርሶች ስላስጎበኙን ለማመስገን ነው። ምስጋናው ስለበዛብኝ በቁጥር ከፍዬዋለሁና ይታገሡኝ።

አንደኛ፣ ስለ ስም ጥሪው። እድር ያለ ስም ጥሪ እንደማይቆም እናውቃለን፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ያረፈደ ይወቀሳል፣ ደግ ሥርዓት ነው። እርስዎ ግን ይህን ሥርዓት ለቅሶ ወደሌለበት አገር ይዘውት ሄደው፣ ከአውቶቡስ ስንወርድ አንዴ፣ ስንሰለፍ አንዴ፣ ከዚያም ያረፈዱትን ይግባኝ ለመስማት አንዴ ስማችንን ሲጠሩ የጉብኝቱ ሰዓት እያለቀ፣ የግንቦቹን በር እንጂ ውስጣቸውን ሳናይ ተመልሰናል። ወንዝ ላይ እንደ ድልድይ ከተሠራው ውብ ግንብ ደጃፍ ቆመን ሳለ፣ የእድራችን አንጋፋ አቶ ወልደየስ ውስጡ ምን እንዳለ ቢጠይቁዎ፣ ውስጡም እንደ ውጭው ድንጋይ ነው ብለው ከድካም ስለገላገሉን ውለታዎ አይረሳም።

ሁለተኛ፣ ስለ ምሳው። የሰኔ ጾም መግባቱን ብንነግርዎ፣ የባሕር ነገር ደም የለውም ብለው በጥቁር ዛጎል ውስጥ አፉን የከፈተ ፍጡር በሳህን አስቀረቡልን። እሱ አፉን ከፍቶ፣ እኛ አፋችንን ዘግተን ስንተያይ ዋልን። የወይዘሮ የሺሀረግ ዳቦ ቆሎ ባይኖር ኖሮ እድሩ እውነተኛ ሥራ ይገጥመው ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ እኚሁ ወይዘሮ የሺሀረግ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ትሕትናዬ ቢያንስብኝ ይቅር ይበሉኝ። ከእርስዎ ግቢ በላይ፣ ሐይቁ በሚታይበት አቀበት ላይ የሚኖሩት፣ ናካዋ ገበያ ቅመም የሚሸጡት ጎረቤትዎ ናቸው። ግንብ የማየት አምሮት ኖሯቸው አያውቅም። ለቅዱስ ሚካኤል የተሳሉትን፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለውን ጃንጥላ ከአዲስ አበባ አስመጥተው እዚሁ ካምፓላ ላለው ቤተ ክርስቲያን ሊያስገቡ ሲሉ፣ እርስዎ ቤታቸው ድረስ ሄደው፣ በሰኔ ሚካኤል ዕለት ባሕር መካከል ካለው ከፈረንሳዩ ሚካኤል ደጅ አደርስዎታለሁ ብለው ማሉላቸው። እኛ የካቶሊክ ነው እኮ ብንላቸው፣ የተለያየው ሰው ነው እንጂ ሚካኤልማ አንድ ነው አሉን።

ጃንጥላውን እንደ ልጅ ታቅፈው ነበር አገር ያቋረጡት። እርስዎ ግን ገና የመጀመሪያው ግንብ ላይ፣ የሌላው ቡድን መሪ ሁሉ ከፍ አድርጎ የሚይዘው ምልክት እንዳለው አይተው፣ እኔ ከማን አንሼ በሚል መንፈስ ከእጃቸው ተቀብለው ዘረጉት። ኧረ የስለት ዕቃ ነው ብንል ማን ይስማን! የአገሩ ጎብኚ አንድ ንጉሥ የመጣ መስሎት ፎቶ ሲያነሳዎ አልከለከሉም፤ ዝናቡ ሲወርድም ጃንጥላው እርስዎን ብቻ ሲያስጠልል ባለቤቲቱ ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ ይከተሉ ነበር።

የሰኔ ሚካኤልም ደረሰ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ደብሩ ገና ረጅም መንገድ ነበር፤ እርስዎ ግን እዚያው ቆመው ስም ጠሩ፣ ቀጥሎም የአቶ ወልደየስን የማርፈድ ጉዳይ ማየት ጀመሩ። ውሳኔ ሲሰጡ ሾፌሩ የመመለሻ ሰዓት ደረሰ አለ። ወይዘሮ የሺሀረግ አስፋልቱ ላይ ተንበርክከው ደብሩን በሩቁ ተሳለሙና፣ እዚህ ሆኜም ቢሆን ላሳየው ብለው ጃንጥላውን ሲለምኑዎ፣ ሰው ይጠፋብኛል ብለው ከለከሏቸው። እኔ አለቀስኩ፤ ከእርስዎ ምን እደብቃለሁ። ውሃ ከሩቅ ለማየት ከሆነማ በቦዳ ሞተር ሐይቃችን ዳር፣ ፖርት ቤል ወደብ መውረድ ይበቃን ነበር።

አራተኛው አጭር ነው። ጃንጥላው እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ቢሮዎ በር ላይ ተዘርግቶ ለመጪው ጉዞ ደንበኛ ይጠራል። ወይዘሮ የሺሀረግ ሰው ማስቀየም አይወዱምና ዝም ብለዋል። ባለ ዕዳ ሆኜ ልሞት ነው እያሉ ግን እንቅልፍ አጥተዋል። እኔ ደግሞ ሰው ማስቀየም እችላለሁ፤ ስለዚህ ጃንጥላው ለኅዳር ሚካኤል እንዲመለስ በትሕትና አሳስባለሁ።

ከግንብ በር እስከ ግንብ በር ሳትታክት የተከተለችዎ፣ ስሟ በተጠራ ቁጥር «አቤት» ስትል ድምፅዋ የዘጋ፣ ዕድሜና ማስተዋል እንዲጨመርልዎ የምትመኝ፣
ፍቅርአዲስ ለተጊዮርጊስ

ማሳሰቢያ፦ ስለቱ ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቁም፤ ወይዘሮ የሺሀረግም እንዳልነግርዎ አስምለውኝ ነበር። መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ንስሐዬን እገባለሁ። ካቻምና ሰኔ፣ እርስዎ ትንፋሽ አጥሮዎት ሐኪም ቤት ተኝተው ሳለ፣ ጎረቤቴን ካተረፍክልኝ ብለው ነው የተሳሉት። ስለዚህ ጃንጥላውን ሰው አይላኩበት፤ ራስዎ ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ይምጡ፣ ከፍ አድርጎ መያዙን እንደሚያውቁበት አይተናል። በዕለቱ ስም ጥሪ አለ፤ ስለቱ ሲገባ ቄሱ የሚጠሩት ግን የእርስዎን ስም ብቻ ነው። እንዳያረፍዱ፣ ቅጣቱን ያውቁታል።